አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ማርሽ ሲቀይር ለምን ይመታል?

በዚህ እትም ተራው የአውቶ መካኒክ ክፍላችን ነው። ተማሪዎቻችን በዚህ ተርም ደጋግመው የጠየቁንን ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ማርሽ ሲቀይር የሚመታው፣ የሚንቀጠቀጠው፣ ወይም ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ የሚለው ለምንድን ነው? የሌላ ክፍል ተማሪዎችና መምህራንም ብታነቡት አይጎዳችሁም። የፊዚክስ መምህራን በተለይ፣ መሃል ላይ ለእናንተ ያስቀመጥነው ነገር አለ።

ጥያቄው ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም። እዚህ ካኩማ በታክሲነት ከሚሠሩት መኪኖች ብዙዎቹ ጃፓን ውስጥ አገልግለው የመጡ ቶዮታዎች ናቸው፤ አውቶማቲኮቹም ጥቂት አይደሉም። አንድ የማኅበረሰባችን አባት ከእቁብ ባገኙት ገንዘብ በ1990ዎቹ የተሠራ አውቶማቲክ ኮሮላ ገዝተው ታክሲ ያሠሩት ነበር (የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከጥቂት ወራት በኋላ መኪናው ጠባዩን ቀየረ። ከኤን ወደ ዲ ሲገባ ትንሽ ይቆይና "ዱብ" ይላል። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲያልፍ ደግሞ ሞተሩ ብቻውን ይጮህና በመዶሻ እንደተመታ ሆኖ ይገባል። ከተማ ወስደው ለአንድ ጋራዥ አሳዩት። ጋራዡ አምስት ደቂቃ ያህል ነድቶት "ካምቢዮው አልቋል፣ ሙሉውን መቀየር ነው" አላቸው። የተጠየቁት ገንዘብ መኪናውን ከገዙበት ዋጋ ከግማሽ በላይ ነበር። እቁቡን ደግሞ ገና ከፍለው አልጨረሱም።

በመጨረሻ ወደ እኛ ክፍል መጡና "ልጆቼ፣ ይሄ መኪና እውነት ሞቷል ወይስ ታሞ ነው?" ብለው ጠየቁ። አንዷ ተማሪያችን "አባባ፣ ዘይቱን ሳናይ ምንም አንልም" አለቻቸው። መልሷን ወደድነው።

ውስጡ ያለው ነገር

በማንዋል መኪና ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀው የሹፌሩ ግራ እግር ነው፤ ማርሹን የሚመርጠውም እጁ ነው። በአውቶማቲክ ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው ዘይት ነው። ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል መኪኖች ላይ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ በግፊት ያለ ዘይት ሥራውን መሥራቱ ግን እስከዛሬ አልተለወጠም።

ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙት ቶርክ ኮንቨርተር በሚባል፣ ድስት በሚመስል ክብ ዕቃ በኩል ነው። ሁለት ፋኖች ፊት ለፊት አስቀምጡና አንዱን አስነሱ፤ ነፋሱ ሁለተኛውን ያለ ኤሌክትሪክ ያዞረዋል። ቶርክ ኮንቨርተርም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ በነፋስ ፋንታ ዘይት መሆኑ ነው። መኪናው ዲ ላይ ሆኖ ፍሬን ስትይዙ ሞተሩ የማይጠፋው ለዚህ ነው፤ አንዱ ፋን ይዞራል፣ ሌላው ይቆማል፣ በመሃል ያለው ዘይት ብቻ ይታመሳል። ስለሚታመስም ይሞቃል፤ ይህን ሙቀት ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ በስተኋላ ማርሾቹ አሉ። በመሃል አንድ ማርሽ (ፀሐይ ይሏታል)፣ ዙሪያዋን የሚዞሩ ትናንሽ ማርሾች (ፕላኔቶች)፣ ከውጭ ሁሉንም የሚያቅፍ ባለጥርስ ቀለበት። ከሦስቱ አንዱን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ሌላውን ስታዞሩ፣ በየትኛው እንደያዛችሁ ፍጥነቱ ይለያያል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የምንለው እሱን ነው። ያዥና ለቃቂዎቹ በዘይት ውስጥ የተደረደሩ ስስ የፍሪሲዮን ሸራዎች ናቸው። ዘይቱ በግፊት ሲመጣ ፒስተኑ ሸራዎቹን ያጣብቃል፤ ግፊቱ ሲነሳ ይለቃቸዋል። ማርሽ ተቀየረ ማለት አንዱ የሸራ ድርድር ተለቀቀ፣ ሌላው ተጣበቀ ማለት ነው፤ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ግፊት ነው። ግፊቱ ካነሰ ሸራዎቹ ይንሸራተታሉ፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ብቻውን ይጮህና ዘግይቶ በድንገት ይይዛል። ግፊቱ ከበዛ ደግሞ ሸራዎቹ አንድ ጊዜ ጥርቅም ይላሉ፤ ተሳፋሪው አንገቱ ይወዛወዛል። "ይመታል" የሚለው ቃል ለሁለቱም ይነገራል፤ ምክንያታቸው ግን ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ "ይመታል" ሲላችሁ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ "ከመምታቱ በፊት ሞተሩ ይጮሃል ወይስ አይጮህም?" ብላችሁ ነው።

ለፊዚክስ መምህራን፦ ይህን በክፍል ለማሳየት ካምቢዮ አያስፈልግም። መርፌ የሌላቸው ሁለት ሲሪንጆች (አንድ ትንሽ፣ አንድ ትልቅ) በቀጭን ቱቦ አገናኙና ውኃ ሙሉባቸው። ተማሪው ትንሿን ሲገፋ ጓደኛው የትልቁን ዱላ በጣቱ ሊያቆመው ይሞክር፤ ይቸገራል። ከዚያ ቱቦው ውስጥ ሆን ብላችሁ አየር አስገቡ። ትንሿ ትገፋለች፣ ትልቁ ግን መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቆይቶ ይነሳል። በካምቢዮ ውስጥ አረፋ የገባ ዘይት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ተማሪዎቻችን "ግፊት" የሚለውን ከመቶ ቃል ይልቅ በዚህች ጨዋታ ገብቷቸዋል።

መጀመሪያ ዘይቱን

ዘይት ማየት ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። የሞተር ዘይት የሚታየው ሞተሩ ጠፍቶ ነው። የአብዛኞቹ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ዘይት ግን የሚታየው ሞተሩ እየሠራ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። ጥቂት ተነድቶ ዘይቱ ይሙቅ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ እግር ፍሬን ላይ ሆኖ፣ ካምቢዮውን ከፒ እስከ ኤል በየቦታው ትንሽ ትንሽ እያቆማችሁ ውሰዱትና ወደ ፒ መልሱት። ከዚያ መለኪያውን ዘንግ ሳቡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው መልሳችሁ አስገቡና እንደገና ሳቡ። ዘይቱ "ሆት" ከሚለው ምልክት በሁለቱ መስመሮች መሃል መሆን አለበት። ሆንዳ ላይ ግን ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ጠፍቶ ወዲያው፣ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ነው የሚታየው። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ መለኪያ ዘንግ የሚባል ነገር ጭራሽ የላቸውም፤ ከሥር ተከፍተው በተወሰነ ሙቀት ነው የሚለኩት። እነሱን ለጊዜው አትንኩ።

ኮፈኑን ከፍተው የሞተሩን መለኪያ ስበው "ዘይቱ ጠቁሯል፣ ካምቢዮው ተቃጥሏል" ያሉ ተማሪዎች ነበሩን። ስም አንጠራም፤ ራሳቸው ያውቃሉ።

ዘይቱ ሲጎድል ፖምፑ ዘይት ከአየር ጋር ይስባል፣ ግፊት ይወርዳል፣ መኪናው ይንሸራተታል። ሲበዛም ማርሾቹ ዘይቱን እየመቱ አረፋ ያደርጉታልና ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ "ትንሽ ብናበዛ ምን ይለዋል" አይሠራም። ሲጨመርም ሩብ ሊትር እየተደረገ፣ በየመሃሉ እየታየ ነው።

ከመጠኑ ቀጥሎ ቀለሙን በነጭ ጨርቅ ላይ እዩት፣ አሽትቱት። ጤነኛው ቀይና ጥርት ያለ ነው። ቡናማ ከሆነ አርጅቷል። ጠቁሮ የተቃጠለ ምግብ የሚሸት ከሆነ ሸራዎቹ ተቃጥለዋል ማለት ነው። ሮዝ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ ይህኛው አስቸኳይ ነው። በብዙ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው። በራዲያተር ውስጥ ለዓመታት ያለ ኩላንት ተራ ውኃ ሲጨመር ያ ቱቦ ይበላል፣ ውኃና ዘይት ይገናኛሉ። በዝናብ ጊዜ የታራችን ወንዝ ወይም ላጋ ያቋረጠ መኪናም በካምቢዮው መተንፈሻ ውኃ ሊያስገባ ይችላል። ውኃ ሸራውን ከብረቱ ጋር የያዘውን ማጣበቂያ ያለቅቀዋል። "ሥራ ውለን ማታ እናየዋለን" የሚባል ነገር የለም፤ መኪናው እዚያው ይቁም።

የአባባ ኮሮላ ዘይት ቡናማ ነበር፣ የመቃጠል ሽታ ግን የለውም። መጠኑ ከታችኛው መስመር በታች ነው። ወዴት ሄደ? ካምቢዮ ዘይት አይበላም፤ ከጎደለ አፍስሷል። ተማሪዎቹ ከሥር ገብተው ሲያዩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ በክላምፑ አጠገብ ተሰነጣጥቆ ነበር። ከዚህ አካባቢ ሙቀትና አቧራ ጋር ጎማ ምን ያህል ዕድሜ አለው? በአዲስ ቱቦ ተተካ። ዋጋው ከሁለት ሰው ምሳ አይበልጥም።

ስለ ዘይቱ ዓይነት አንድ ነገር እንጨምር። "ቀይ ስለሆነ ያው ነው" የሚለው አባባል ብዙ ካምቢዮ ጨርሷል። ዴክስሮን ቀይ ነው፣ የቶዮታ ቲ-ፎር ቀይ ነው፣ የመሪ ዘይትም ቀይ ሆኖ ይሸጣል። ለካምቢዮው የሚሆነው በመኪናው መጽሐፍ ላይ፣ ብዙ ጊዜም በራሱ በመለኪያው ዘንግ ላይ ተጽፏል። የሞተር ዘይት በፍጹም አይጨመርም። የፍሬን ዘይትማ ጎማዎቹን ያሳብጣቸዋል። በጠርሙስ ተገልብጦ ያለ ስም የሚሸጥ ዘይት ግን ምን እንደሆነ ሻጩም አያውቅም፤ አትግዙ።

ቀጥሎ ገመዱ

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ከቤንዚን መስጫው ወደ ካምቢዮው የሚወርድ አንድ ቀጭን ገመድ አለ። ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሥራው ለካምቢዮው "ሹፌሩ አሁን ይህን ያህል ረግጧል" ብሎ መንገር ነው። ብዙ ከተረገጠ ሸራዎቹ ብዙ ጉልበት ስለሚሸከሙ ግፊቱ ይጨምራል። ገመዱ ከላላ ካምቢዮው ሹፌሩ ቀስ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል፤ ግፊቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ሸራዎቹ ይንሸራተታሉ፣ ቀስ በቀስም ይቃጠላሉ። ከተወጠረ በተቃራኒው ማርሹ ዘግይቶና እየመታ ይቀይራል።

መለካቱ ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ሰው ቤንዚኑን እስከ መጨረሻ ይርገጥ። ሌላው ኮፈኑ ሥር ሆኖ ገመዱ ላይ የተቆነጠጠችውን ትንሽ ብረትና የውጩን ሽፋን ጫፍ ይይ። በእነዚህ ቶዮታዎች ላይ በሁለቱ መሃል ያለው ክፍተት ከ0 እስከ 1 ሚሊሜትር ነው መሆን ያለበት። በአባባ መኪና ላይ ክፍተቱ የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ነበር። ከዚህ በፊት ሞተሩን የነካ ሰው ገመዱን ፈቶ ሲመልስ አላስተካከለውም። በሁለት ቁልፍና በአሥር ደቂቃ ተስተካከለ።

እዚህ ላይ ግን እናስጠነቅቅ። ጉዳዩን ያወቁ አንዳንድ መካኒኮች የሚንሸራተት ካምቢዮን ገመዱን በጣም ወጥረው "ያድኑታል"። ግፊቱ ስለሚጨምር ለጥቂት ሳምንት ደህና ይመስላል፤ መኪናው ይሸጥና ሕመሙ ከገዢው ጋር ይሄዳል። እኛ ይህን ሙያ አንለውም።

አሮጌ መርሰዲሶች፣ እንደ ደብልዩ 123 እና ደብልዩ 124 ያሉት፣ ይህንኑ ሥራ በሞተሩ የአየር ስበት (ቫኪዩም) ያሠራሉ። በእነሱ ላይ ድንገት መምታት ከጀመረ ካምቢዮውን ከመፍታታችሁ በፊት የተሰበረ ወይም የወለቀ ቀጭን ቱቦ ፈልጉ።

ካምቢዮ ያልሆነ የካምቢዮ በሽታ

የአባባ መኪና ዘይቱና ገመዱ ተስተካክሎ ሞተሩ ብቻውን መጮሁን በአብዛኛው ተወ። ከኤን ወደ ዲ ሲገባ ያለው "ዱብ" ግን አልቀረም። አንድ ተማሪ ኮፈኑን ከፍቶ ቆመ፣ ሌላው ፍሬን አጥብቆ ይዞ ካምቢዮውን ከአር ወደ ዲ ቀያየረው (የቆመው ልጅ ከጎን እንጂ ከፊት አይቆምም፤ ይህን ሳናሳስብ አናልፍም)። ሞተሩ ከነአካሉ ተነስቶ ወደቀ። ሞተሩ የሚያርፍበት ሱፖርት ጎማው ተበጥሷል ማለት ነው። ስንት ካምቢዮ በዚህች ጎማ ጥፋት ተወግዟል!

ሚኒሞው ከፍ ያለ መኪናም ወደ ዲ ሲገባ ይመታል፤ ካምቢዮው ሳይሆን ሞተሩ ነው የሚገፋው። ካንዴላው ያረጀ ሞተር ደግሞ ዳገት ላይ ሲንገጫገጭ ካምቢዮው የሚንቀጠቀጥ ያስመስለዋል። በ60 እና በ80 ኪሎ ሜትር መካከል ተረጋግቶ ሲሄድ ኮረኮንች ላይ ያለ ይመስል የሚንዘፈዘፍ መኪና ካጋጠማችሁ፣ በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው መቆለፊያ ሸራ ሊሆን ይችላል። ቤንዚኑን ሳትለቁ ፍሬኑን በጣም ቀስ ብላችሁ ንኩት። የፍሬን መብራት ሲበራ ያ መቆለፊያ ይለቃል፤ መንዘፍዘፉ ወዲያው ከቆመ አቅጣጫውን አገኛችሁት።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ እንደኛ ባለ ሙቅ አገር ብዙ ይታያል። ሞተሩ እንዳይሞቅ ተብሎ ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ይጣላል። ኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር ያላቸው መኪኖች ግን የሞተሩ ውኃ በቂ እስኪሞቅ ድረስ የመጨረሻውን ማርሽ አይሰጡም፤ መቆለፊያውንም አያስይዙም። ቴርሞስታት የሌለው መኪና ሌሊት ረጅም መንገድ ሲሄድ ሞተሩ እየቀዘቀዘ አንዴ አራተኛ ይገባል፣ አንዴ ይወጣል። ባለቤቱ ካምቢዮ ሊያስፈታ ይመጣል፤ የጎደለው ግን በእጅ መዳፍ የምትያዝ ትንሽ ዕቃ ነች። አራተኛ ማርሽ ጭራሽ እምቢ ካለ ደግሞ በመጀመሪያ በካምቢዮው እጀታ ላይ ያለችውን ቁልፍ እዩ። "ኦ/ዲ ኦፍ" የሚለው መብራት በርቶ ከሆነ አንድ ሰው በጉልበቱ ነክቷት ይሆናል። መሣቅ ክልክል ነው፤ በእኛም ደርሷል።

መብራቱ ሲያወራ

ያው "ኦ/ዲ ኦፍ" የሚለው መብራት በራሱ ብልጭ ድርግም ካለ መኪናው የኤሌክትሪክ ጥፋት አግኝቷል። በ1990ዎቹ በተሠሩ፣ ኮፈን ሥር ትንሽ ሣጥን (ዲያግኖሲስ የተጻፈባት) ባላቸው ቶዮታዎች ላይ ጥፋቱን ያለ ኮምፒውተር ማንበብ ይቻላል። የኦ/ዲ ቁልፍ እንደ ወትሮው ይሁን (መብራቱ እንዳይበራ)፣ ቁልፉ "ኦን" ላይ ይሁን፣ ሞተሩ አይነሳ። በሣጥኗ ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኙ። መብራቱ ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ካበራ ጥፋት አልተመዘገበም። ካልሆነ ቁጥር ይቆጥራል፤ ስድስት ጊዜ አብርቶ፣ አረፍ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ካበራ 62 ነው። 42 እና 61 የፍጥነት ሴንሰሮች ናቸው። 62 እና 63 ማርሽ የሚቀይሩት ሶሌኖይዶች፣ 64 የመቆለፊያው ሶሌኖይድ ነው። ጥፋቱ ሶሌኖይዱ ራሱ ላይሆን ይችላል፤ አይጥ የበላው ሽቦም ያው ቁጥር ይሰጣል። የቀዳዳዎቹ ስም ከክዳኑ ውስጥ ተጽፏል፤ ሳታነቡ ሽቦ አትስደዱ፣ የተሳሳተ ቀዳዳ ዕቃ ያቃጥላል። የአባባ መኪና በእኩል ፍጥነት ነው ያበራው።

ሰዓት ያለው ተማሪ ሊሠራው የሚችል ሌላም ፈተና አለ። መኪናው ሞቆ፣ ፍሬንና የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ በሚኒሞ ላይ፣ ከኤን ወደ ዲ አስገቡና መያዙን እስክትሰሙ ሴኮንድ ቁጠሩ። ቶዮታ ከ1.2 ሴኮንድ በታች ይላል። ከኤን ወደ አር ከ1.5 በታች። ሦስት ጊዜ ሠርታችሁ አማካዩን ውሰዱ፤ በየመሃሉ አንድ ደቂቃ ይረፍ። በእኛ ደብተር ላይ ያ ኮሮላ ሲመጣ ወደ ዲ 2.4 ነበር፣ ሲወጣ 1.1። ፍሬን ይዞ ቤንዚን እስከ መጨረሻ የሚረገጥበት "ስቶል ቴስት" የሚባለው ግን ዘይቱን በሴኮንዶች ውስጥ ያፈላል፣ ፍሬኑ ከከዳም ሰው ይገድላል። በክፍላችን ለተማሪ አንፈቅድም።

ዘይት መቀየር ካምቢዮ ይገድላል?

ይህ ክርክር በየጋራዡ አለ። "ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ከቀየርክ መኪናው በሳምንቱ ይቆማል" ይላሉ። ውሸት ነው ብለን አናልፈውም፤ የደረሰባቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ሰው ዘይት ለመቀየር የሚነሳው መኪናው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው። ሸራው ያን ጊዜ አልቋል፤ ቢቀየርም ባይቀየርም ይቆም ነበር። የእኛ አቋም እንዲህ ነው። ዘይቱ ቡናማ ሆኖ መኪናው ካልተንሸራተተ ይቀየር፣ ግን በማሽን ግፊት አጥቦ ሳይሆን ከሥር አፍስሶ በመሙላት። አብዛኛው ዘይት ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ስለሚቀር በአንድ ጊዜ ግማሹ እንኳን አይወጣም፤ ጥቂት ተነድቶ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ ይደገማል። ዘይቱ ጠቁሮ ከሸተተና መኪናው ከተንሸራተተ ግን ለባለቤቱ ከመንካታችሁ በፊት ንገሩ፤ "ይህ ዘይት መኪናዎን አያድነውም፣ ገንዘብዎን ይያዙ" በሉ።

ኮፓውን ስትፈቱ ከታች ማግኔቶች ታገኛላችሁ። በላያቸው እንደ ቅባት ያለ ግራጫ ዱቄት መኖሩ ጤና ነው። የሚያብረቀርቅ ስባሪ ብረት ካለ ያን ጊዜ "ካምቢዮው አልቋል" የሚለውን ማለት ይቻላል። ዘይቱ ከሞቀ ያቃጥላችኋል፤ ጠብቁ። ያወጣችሁትን በጀሪካን ያዙ እንጂ መሬት ላይ አታፍስሱ፤ የምንጠጣው ከዚሁ መሬት ሥር ነው።

ለሹፌሮችም ጥቂት። ቁልቁለት ላይ ቤንዚን ለመቆጠብ ኤን ላይ አድርጎ መንሸራተት፣ መኪናው ሳይቆም ከአር ወደ ዲ መወርወር፣ ሁለቱም ሸራ ይበላሉ። ባትሪ የሞተበት አውቶማቲክ ተገፍቶ አይነሳም፤ የካምቢዮውን ፖምፕ የሚያዞረው ሞተሩ ስለሆነ ዘይት በሌለበት ማርሽ አይይዝም። በዚሁ ምክንያት ሞተሩ ጠፍቶ፣ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እየዞሩ ረጅም መንገድ መጎተት ካምቢዮውን ያደርቀዋል። ራዲያተሩን ደግሞ በየጊዜው ከአቧራ አጽዱት፤ የሞተሩ ብቻ ሳይሆን የካምቢዮውም ማቀዝቀዣ ነው።

ወደ አባባ መኪና እንመለስ። ቱቦው፣ ገመዱ፣ የሞተሩ ሱፖርትና የመጀመሪያው ዘይት ቅየራ ተደማምረው ጋራዡ ከጠየቀው አንድ አሥረኛ አልደረሱም። ሁሉም ነገር ተፈወሰ ግን አንልም። እኩለ ቀን ላይ ሙሉ ሰው ጭኖ ሲሄድ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲያልፍ አሁንም በጣም ትንሽ ይጮሃል። ብርድ ላይ ደህና ሆኖ ሲሞቅ የሚብስ ካምቢዮ የውስጥ ጎማዎቹ ወይም ሸራዎቹ ሳስተዋል ማለት ነው። ዘይቱ ጎድሎ በተነዳበት ወራት የሦስተኛ ማርሽ ሸራ የተወሰነ ዕድሜውን ከፍሏል። ይህንንም ሳንደብቅ ነገርናቸው።

"ታዲያ ስንት ጊዜ ያገለግለኛል?" አሉን።

"አባባ፣ እሱን አናውቅም። በየሳምንቱ ዓርብ ያምጡት፣ ዘይቱን እናያለን፣ ሴኮንዱን እንቆጥራለን" አለቻቸው ያቺው ተማሪ። ይህን እስከጻፍንበት ቀን ሰባት ዓርብ መጥተዋል። በደብተሩ ላይ ወደ ዲ ያለው ቁጥር ከ1.1 አልተነቃነቀም። ሁለተኛው ዘይት ቅየራ በሚመጣው ሳምንት ነው፤ ለማየት የምትፈልጉ የሌላ ክፍል ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑ ክፍት ነው፣ አሮጌ ልብስ ለብሳችሁ ኑ።